የተደረበ ባሌስትራና የተሳፋሪው ወገብ

እሷ፦ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ደጋ፣ ያገለገለ ሚኒባስ ይዛችሁ ለምትመላለሱ አሽከርካሪዎች ዛሬ አንድ ጉዳይ አለን።

እሱ፦ አዎ እህቴ። ሚኒባሱ ጭነት እንዲችል ተብሎ ባሌስትራ ይደረብለታል። ጭነቱ ሲቀር ግን ብረቱ አልታጠፍ ይላል፤ የመንገዱ ጉድጓድ በቀጥታ የተሳፋሪው ወገብ ላይ ያርፋል።

እሷ፦ የኋላ ወንበር ላይ ነፍሰ ጡር አለች፤ አረጋውያን አሉ። ታዲያ ምን ይሻላል?

እሱ፦ መጀመሪያ የጎማው ንፋስ ከተፈቀደው ልክ አይለፍ። ቀጥሎ የመኪናውን ጥግ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ደጋግሞ ከተወዛወዘ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል፣ ይቀየር።

እሷ፦ የተደረበው ባሌስትራስ?

እሱ፦ የሚጭነው ሰው ብቻ ከሆነ፣ መካኒክ አይቶት ይነሳ።

እሷ፦ አሽከርካሪዎቻችን፣ የተሳፋሪውን ወገብ አደራ!