መካከለኛው መጠን



እ.ኤ.አ. በማርች 2019 አን ማክሌይንና ክርስቲና ኮክ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አብረው ወጥተው ሊሠሩ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ወንድ የሌለበት የመጀመሪያው ቡድን ነው ተብሎ ወሬው በዓለም ተናኘ። ዕለቱ ሲቃረብ ግን ዕቅዱ ተለወጠ። የሁለቱም ልክ መካከለኛ ነው፤ በሰዓቱ ለሥራ የተሰናዳው መካከለኛ የጠፈር ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከኮክ ጋር ኒክ ሄግ ወጣ።

ሮኬቱ ደርሶ ልብሱ ሳይሰናዳ ቀረ!

አርአያ የምትሆን አንዲት ሴት ከታየች ሌሎቹ ይከተሏታል ይባላል። የጠፈር ታሪክ ግን በዚህ አይስማማም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛና የፓራሹት ዘላይ የነበረችው ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በጁን 1963 ምድርን 48 ጊዜ ዞራ ተመለሰች። መልኳ በቴምብር ሳይቀር ታተመ። ከዚያስ? አብረዋት የሠለጠኑት አራት ሴቶች አንዳቸውም ሳይበሩ ቡድኑ በ1969 ተበተነ። ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ ጠፈር የደረሰችው ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

በአሜሪካም ቀድሞ ጠፈርተኛ የሚሆነው የጄት ሙከራ አብራሪ ብቻ ነበር፤ ያን ሙያ ደግሞ ሠራዊቱ ለሴት አይሰጥም ነበር። በሩ የተከፈተው ስፔስ ሸትል መጥቶ ሳይንቲስትና ሐኪም ሲፈለግ ነው። ናሳ በ1977 «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መኮንኗን ኡሁራን የተጫወተችውን ጥቁር አሜሪካዊት ኒሼል ኒኮልስን ለምልመላ ቀጠረ። እሷም ሴቶችና ጥቁሮች እንዲያመለክቱ እየዞረች ቀሰቀሰች። ከ8,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች 6ቱ ሴቶች ነበሩ።

ከስድስቱ አንዷ ሳሊ ራይድ በ1983 ልትበር ስትዘጋጅ፣ መሐንዲሶቹ ለአንድ ሳምንት ጉዞ 100 የወር አበባ መጠበቂያ ይበቃት እንደሆነ ጠየቋት። ሰውን ጨረቃ ላይ ያወረደ መሥሪያ ቤት ነው እንግዲህ፤ ሚስት ወይም እህት ያለው ሰው ጠፍቶ ይሆን?

ቺካጎ ያደገችው ሜይ ጀሚሰን በልጅነቷ የአፖሎን በረራዎች ስትከታተል ሴት ባለመኖሯ ትናደድ ነበር። ኬሚካል ምህንድስና ተማረች፣ ሐኪም ሆነች፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ሠራች። በሴፕቴምበር 1992 በኢንዴቨር ተሳፍራ ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስትሆን፣ ፈረቃዋን የምትጀምረው በኡሁራ የሬዲዮ ሰላምታ ነበር። የቤሲ ኮልማንንም ፎቶ ይዛ ሄዳለች። ኮልማን የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ቢሏት ፈረንሳይ ተሻግራ በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች ሴት ናት። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ያምራል፤ ነገር ግን ያለ 1977ቱ ምልመላና ያለ አዲሱ መሥፈርት ፎቶው ብቻውን የትም ባልደረሰ።

ከዛሬዎቹ ተመራቂዎች የቅጥር መሥፈርት የሚጽፍ፣ ዕቃ የሚያዝ፣ የመሣሪያ ልክ የሚወስን አይጠፋም። ጠፈር ጣቢያው ላይም ጉዳዩን የፈታው ንግግር ሳይሆን ሁለተኛ መካከለኛ ልብስ ማሰናዳት ነው። ኮክና ጄሲካ ሚር ኦክቶበር 18 ቀን 2019 አብረው ወጡ፤ የተበላሸውን የባትሪ መቆጣጠሪያ ቀይረው ከ7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ።

እንኳን ደስ አላችሁ።