ስትቆርጡ ዋናውን አትንኩ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፎቶ ቆረጣ ነው። «ይሄማ ምን አለው፣ ስልኬ በአንድ ንክኪ ይሠራው የለ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

የሰፈራችን አንድ አባት አርፈው ለሙት ዓመታቸው ፖስተር ሥራ ተባልኩ። ከባለቤታቸው ጋር የተነሱት አንድ ፎቶ ብቻ ነው ፍላሽ ላይ የቀረው። በፎቶሾፕ ከፈትኩት፣ ዙሪያውን በኢሬዘር ጠረግኩት፣ እዛው ላይ ሴቭ አልኩ። ፖስተሩ ሲሰቀል እማማ መጡና ብዙ አዩት። ከዛ «ልጄ፣ ትከሻው ላይ የነበረው እጄ የት ሄደ?» አሉኝ። ምን ልበል? ሌላ ኮፒ አልነበረም።

ስለዚህ አንደኛ፦ አታጥፉ፣ ሸፍኑ። ፎቶሾፕ ሌየር የሚባለውን ነገር ካመጣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ኮንትሮል ጄ ብላችሁ ሌየሩን አባዙ፣ ከዛ ሌየር ማስክ ጨምሩበት። ማስኩ ላይ ጥቁር ቀለም ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። ከተሳሳታችሁ በነጭ ብሩሽ ትመልሱታላችሁ። ሥራውን በፒኤስዲ አስቀምጡ፤ የተቆረጠውን ብቻ ስትፈልጉ በፒኤንጂ አውጡ። ጄፔግ ባዶ ጀርባ አይዝም።

ሁለተኛ፦ መሣሪያውን እንደ ጠርዙ ምረጡ። ጀበና ወይ መኪና ጠርዙ ጥርት ያለ ስለሆነ በፔን ቱል ዙሩት። አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ግቡ፤ አለዚያ የድሮው ጀርባ እንደ ክር ይከተላችኋል። ለጎፈሬ ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ያለው የሪፋይን ኤጅ ብሩሽ አለላችሁ። ነጠላ ግን ይፈትናል። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው ሣር ያልፍበታል። ማስኩን እዛ ቦታ ላይ ግራጫ አድርጉት፣ የቀረውን አረንጓዴም ሳቹሬሽኑን ቀንሱለት። ፎቶሾፕ የሌላችሁ ፎቶፒ በብሮውዘር በነፃ ይከፈታል፤ ማስኩም ፔኑም አለው።

ሦስተኛውና ዋናው፦ መቁረጥ የቻለ እጅ መዋሸትም ይችላል። በሶቭየት ኅብረት ኒኮላይ ዬዦቭ ከስታሊን ጋር በሞስኮ ቦይ ዳር ተነስቶ ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. ተገደለ፤ ከፎቶውም ተፋቀና የቆመበት ቦታ ውሃ ሆነ። ያኔ ኮምፒውተር የለም፣ በእጅ ነው የተሠራው። ዛሬ እኛ ይሄንን በደቂቃ እንሠራዋለን።

ለፖስተር ጀርባ መቀየር ሥራ ነው። ያልነበረን ሰው ሰልፍ መሐል ማስገባት፣ የነበረውን ማውጣት ግን ውሸት ነው። ለእኛ ወገን ቢጠቅምም ውሸት ነው። አንድ ቀን ሲጋለጥ ደግሞ እውነተኛውን ፎቷችንንም የሚያምን አይኖርም።

የእማማን እጅ እስከዛሬ መመለስ አልቻልኩም። እናንተ ዛሬ ማታ ስትለማመዱ መጀመሪያ ዋናውን ኮፒ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።