ጠገራ ብሩና ፖስታው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንድ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ለመዝገብ ቤታችን ያስረከቡት የሟቹ ልጆች ሲሆኑ፥ አባታቸው በሙያው የሂሳብ ሠራተኛ፥ በፍቅሩ ግን የታሪክ ሰው ነበር። ዕረፍት ባገኘ ቍጥር በቀይ ባሕር ዳርቻ የገቡት ሚስዮኖችና ከእነርሱ በኋላ የመጣው የኢጣሊያ አገዛዝ በምን ገንዘብ ይገበያዩ እንደ ነበር ይመረምር ነበር።

ጕዳዩ የጨዋታ ጕዳይ አይደለም። ጁዜፔ ሳፔቶ የላዛሪስት ማኅበር ሚስዮናዊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ዓድዋ ገባ። ከ31 ዓመት በኋላ፥ በ1869፥ ሚስዮናዊነቱን ትቶ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በመወከል የአሰብን ዳርቻ ከአፋር ሱልጣኖች በ6,000 የማሪያ ቴሬዛ ብር ተዋዋለ። የኢጣሊያ መንግሥት በ1882 ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት ብሎ አወጀ። እንግዲህ ሚስዮናዊው የለመደው መንገድ ለኩባንያው፥ ኩባንያው የገዛው መሬት ለመንግሥት ሆነ።

አገዛዙ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለሮ አስቀረጸ። የብር ይዘቱ ግን ከሺህ 800 ሲሆን የማሪያ ቴሬዛው 833 ስለ ነበር፥ ገበያው ፊቱን አዞረበት። በ1918 እቴጌይቱን የምትመስል ሴት የተቀረጸችበት ሌላ ታለሮ አወጣ፤ ይህም አልሠመረለትም። የትከሻዋን ጌጥና የራሷን ዕንቍ እያየ የሚቀበል ነጋዴ በመልክ መመሳሰል አይታለልም ነበር።

ያ የሂሳብ ሠራተኛ እያንዳንዱን ጠገራ ብር በትንሽ ፖስታ ከትቶ፥ ከየት እንደ ተገኘ፥ ከማን ቤት እንደ ወጣ፥ በየትኛው የሚስዮን ሂሳብ መዝገብ ካለው ክፍያ ጋር እንደሚገናኝ በእጁ ጽፎበታል። እኔ ያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ነበርሁ። ደንቡ ብር በካዝና፥ ወረቀት በመደርደሪያ ይቀመጥ ስለሚል፥ ብሮቹን ከየፖስታቸው አውጥቼ በአንድ ከረጢት ጨመርኋቸው፤ ባዶዎቹን ፖስታዎችም አንድ ላይ አሰርኋቸው። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጥፋቴን የተረዳሁት አንድ ተመራማሪ መጥቶ የቱ ብር ከየትኛው ፖስታ እንደ ወጣ ሲጠይቀኝ ነው። እቴጌይቱ የሞተችበት ዓመት 1780 ከዚያ ወዲህ በተቀረጹት ብሮቿ ሁሉ ላይ ሳይለወጥ ኖሯል። ኢጣሊያ በ1935 የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ ያስቀረጸችውም፥ ከ1936 ጀምሮ ለንደን ላይ የተቀረጸውም 1780 ይላል። ባለሙያ በጥቃቅን ልዩነት የተቀረጸበትን ስፍራ ይለይ ይሆናል፤ በማን እጅ እንዳለፈ ግን ብሩ አይናገርም። ያን የሚናገረው ፖስታው ነበር።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው፤ ማዕርግ የሌለው ተመራማሪ ያደራጀውን ሳትመዘግቡ አታንሡ፤ ቤተ ዘመዱም በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ሥርዓት የለሽ የሚመስለን አቀማመጥ ራሱ የምርምሩ ፍሬ ሊሆን ይችላል።

እኔ በካርቶኑ ላይ ጥፋቴን የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፌ አኑሬአለሁ። ወደ ፊት የሚከፍተው ሰው ጕድለቱ የደከመበቱ ሰው አለመሆኑን እንዲያውቅልኝ ነው።