ስለ መሣሪያ ሣጥናችን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው የሩብ ዓመት የሂሳብ ሪፖርት ላይ «የእጅ መሣሪያዎች» የሚል አንድ መስመር ነበር። ከረጂዎቻችን አንዷ በትሕትና፣ «ይህ የልብስ ስፌት ዕቃ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም። ካቻቪቴ፣ የጎማ መዶሻ፣ ውሃ ልክና ትራፓኖ ነው። በአንድ መስመር የማይመለስ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ለምኜ አግኝቻለሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ አናጢ አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ከሁለት ልጆቼ ጋር ኮንዶሚኒየም ስገባ፣ በካርቶን የታሸገ ተገጣጣሚ ባለ አምስት መሳቢያ ቁምሳጥን ገዛሁ። ሻጩ ገጣሚ እልካለሁ አለኝ፤ የተጠየቅኩት ገንዘብ ግን የዕቃውን ዋጋ አንድ ስድስተኛ ያህል ነበር። ወንድሜ «ተዪው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ የልጆቼ ልብስ በፌስታል እንደተቋጠረ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ በወጥ ቤት ቢላዋና ከካርቶኑ ውስጥ በወጣችው የታጠፈች ቁልፍ ራሴ ጀመርኩት። እስከ ማታ ቆመ። አራት ብሎኖች ራሳቸው ተበልቶ ነበር፣ መሳቢያዎቹ ገጥመው አይዘጉም፣ በትንሽ ላስቲክ የተረፈችውን ማሰሪያ ደግሞ ምን እንደሆነች ሳላውቅ ኩሽና አስቀመጥኳት።

ያቺ ማሰሪያ ቁምሳጥኑን ከግድግዳ ጋር የምታስር ነበረች። ከጥቂት ወራት በኋላ ትንሹ ልጄ የታችኞቹን ሦስት መሳቢያዎች ስቦ እንደ ደረጃ ወጣባቸው። ቁምሳጥኑ ወደ ፊት ወደቀ። አልጋው ደግፎ ባያስቀረው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ ስለ ካቻቪቴ አላወራም ነበር። ልጄን ያገኘሁት በአልጋውና በወለሉ መካከል ነው፤ ግንባሩ ላይ ጭረት ብቻ ነበረበት።

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ኢኬያ አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸውን 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ቁምሳጥኖች እንዲመለሱ ወይም ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ ጥሪ አድርጓል። ምክንያቱ ወድቀውባቸው የሞቱ ሕፃናት ናቸው።

አሁን ወደ ሣጥኑ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ ካቻቪቴ ነው፤ ጥሩ ስል ውድ ማለቴ ሳይሆን ለብሎኑ ልክ የሆነ ማለቴ ነው። ባለ መስቀል ካቻቪቴ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። የብሎኑን ራስ ተጠግታችሁ እዩት። ከመስቀሉ ሌላ በመካከሉ አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካሉበት የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ካቻቪቴ ነው፤ እጀታው ወይም ብረቱ ላይ «ፒ» እና «ዜድ» የሚሉ የላቲን ፊደላትና ብዙ ጊዜ 2 ቁጥር ታገኛላችሁ። በተራው ካቻቪቴ ስትጫኑት ይንሸራተታል፤ የብሎኑ ራስ የሚበላውም ያኔ ነው። የእኔ አራት ብሎኖች ጉድ ይኸው ነበር። እኔ ግን የጉልበቴ ማነስ መስሎኝ፣ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

የታጠፈችውን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ከካርቶኑ ጋር በነፃ ይሰጣሉ፤ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ናት። ለአንድ ዕቃ ትበቃለች። ሁለተኛ ዕቃ ከሆነ ግን መዳፍ ትልጣለች፤ እጀታ ያላትን ግዙ።

የጎማ መዶሻ የእንጨት ችካሎቹን ለማስገባት ነው። ከሌለ የብረቱን መዶሻ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግዙ አልልም። ሜትር ግን ያስፈልጋል፤ ለርዝመት ብቻም አይደለም። ቁምሳጥኑን በግንባሩ አስተኝታችሁ የጀርባውን ስስ ጣውላ ከመምታታችሁ በፊት፣ ከአንዱ ማዕዘን ተቃራኒው ማዕዘን ድረስ በሰያፍ ለኩ፤ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሣጥኑ ተጣሟል ማለት ነው፤ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉና ከዚያ ምቱ። ጣውላው አንዴ ከተመታ ጠማማው እንደ ጠመመ ይቀራል፣ መሳቢያም አይዘጋም። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ልክ እንደ ሂሳብ ማመሳከር ነው፣ ሁለቱ ድምር ካልገጠመ መዝገብ አይዘጋም።

ትራፓኖን በተመለከተ ከብዙዎቻችሁ እለያለሁ። ለመገጣጠሙ ሥራ አልመክረውም። ተገጣጣሚ ዕቃ አብዛኛው ቺፑድ ነው፤ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ። ትራፓኖ አንዴ ከልክ በላይ ካጠበቀው ቀዳዳው ይፈርሳል፣ ብሎኑም ዳግመኛ አይይዝም። ክቧ አዝራር የምታክል የብረት መቆለፊያም እንዲሁ ናት፤ ቀስቷን ወደ ዘንጉ አዙራችሁ ታስገቧታላችሁ፣ ከዚያ በእጅ ግማሽ ዙር ያህል። እምቢ ካለች ዘንጉ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው እንጂ ጉልበት ጎድሏችሁ አይደለም።

ትራፓኖው የሚያስፈልገው ለግድግዳው ነው። ሁላችንም ፊሸር የምንለው ላስቲክ ስሙን ያገኘው በ1958 (እ.አ.አ) ከሠራው ጀርመናዊ፣ ከአርቱር ፊሸር ነው። 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ከሆነ ፑንታውም 8፣ የእንጨት ሳይሆን የግንብ ፑንታ። ችግሩ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። አጭሩ ተራ ፊሸር ባዶው ላይ ከወደቀ አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። «ለባዶ ብሎኬት» ብላችሁ ረዘም ያለውን፣ ከውስጥ የሚቋጠረውን ጠይቁ። ትራፓኖውን ከመዶሻ ምቱ አውጥታችሁ ዝም ብሎ እንዲዞር አድርጉት፤ አለበለዚያ የብሎኬቱ ስስ ፊት ይረግፋል። ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥታ በላይ ወይም በታች አትብሱ፤ ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ነው። በግድግዳ ላይ እጃችሁ ካልደፈረ ለዚህች አንድ ቀዳዳ ባለሙያ ጥሩ፤ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ያልገዛሁትንም ልንገራችሁ። መርካቶ ባለ መቶ ምናምን ፍሬ ሣጥን በአንድ ዋጋ አሳይተውኝ ነበር። ቆጠርኩት፤ ከመቶው የሚያስፈልገን ዘጠኙ ነው፣ ብረቱም ለስላሳ ነበር። ዘጠኙን ለየብቻ፣ ጠንካራውን መርጠን ገዛን።

ክቡራን ረጂዎቻችን «በየቤቱ አይገዙም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ካቻቪቴና ሜትር በየቤታችን ይኑረን እላለሁ። ትራፓኖ ግን አንድ ቤት በዓመት አንዴ ቢነካው ነው፤ ለሁላችንም አንድ ይበቃል። ሣጥኑ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቷል። የማኅበራችንን መደርደሪያዎች የገጠምነው በእሱ ነው፤ ለገጣሚ ልንከፍል የነበረው ገንዘብ ብቻውን የሣጥኑን ዋጋ ከግማሽ በላይ መልሷል። ከእናቶቻችን አንዷ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ቁምሳጥን ከግድግዳ ጋር ራሳቸው አስረው ሲመጡ ፎቶውን በስልካቸው ለሁላችንም ሲያሳዩ ነበር፤ አሁን ለጎረቤት ይገጥማሉ አሉ፣ በቡና ክፍያ።

ሣጥኑ ቢሮ፣ ከፋይሎቹ ቁምሳጥን ሥር ነው። መዝገቡ ላይ ፈርማችሁ ውሰዱ፣ በሳምንት ውስጥ መልሱ። ባለፈው ወር ስቆጥር የ5 ሚሊ ሜትሯ ቁልፍ የለችም። ማን ዘንድ እንዳለች አልጠይቅም፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ባገኛት ግን ደስ ይለኛል።