የግል ትምህርት ቤት፤ ገንዘቡና ግድግዳው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ግል አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተወሳ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በወርኃዊው ክፍያ ላይ ነው። ወላጅ በዛብኝ ይላል፤ ባለቤቱ አልበቃኝም ይላል፤ መምህሩም ከሁለቱ ወገን ሳይቆጠር ደመወዙን ይጠባበቃል። ክፍያውን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው፣ ይኸውም ትምህርቱ የሚሰጥበት ቤት፣ ከክርክሩ ውጭ ይቀራል። የዚህ ንግግር ዓላማ ነገሩን ከግድግዳው በኩል መመልከት ነው።

ትምህርትን በግል ገንዘብ ማካሄድ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታ በደብሩ ጥግ ፊደል ሲያስቆጥሩ ወላጅ እንደ አቅሙ እህል ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ በመዞር የትምህርቱን ወጪ በራሱ ይችል ነበር። ያ ትምህርት ቤት የዛፍ ጥላ ወይም የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይበቃው ስለ ነበር የሕንፃ ዕዳ አያውቅም። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ቤቱ ራሱ ዋጋ ጠየቀ። የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ይህን ዋጋ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ርዳታ ሲሸፍኑ፣ ሌሎቹ ከተማሪው ኪስ ለመሸፈን ተገደዱ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዚያው ሰሞን የግል ትምህርት ቤቶችም ተወርሰው ወደ ሕዝብ አስተዳደር ተዛወሩ። በ1986 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግሉ ባለሀብት በሩን እንደገና ሲከፍት፣ ባለሀብቱ ፈቃድ አገኘ እንጂ ለትምህርት ቤት ታስቦ የተሠራ ሕንፃ አላገኘም። ስለዚህም በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች አያሌ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ ተወለዱ። ሳሎኑ መማሪያ ክፍል፣ ማእድ ቤቱ መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያው የሰልፍ ሜዳ ሆነ።

የዚህ ነገር መዘዝ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ለአንድ ተማሪ 1.2 ካሬ ሜትር የወለል ስፋት ቢታሰብ፣ 4 በ5 ሜትር የሆነ የቪላ ክፍል የሚይዘው 16 ልጆችን ብቻ ነው። ለትምህርት ተብሎ የተሠራ 7 በ8 ሜትር ክፍል ግን በዚያው ስሌት 46 ልጆችን ይይዛል። በሁለቱም ክፍሎች የሚቆመው መምህር አንድ ነው፤ ደመወዙም ያው ነው። እንግዲህ በቪላው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የሚሸከመው የመምህር ደመወዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ባለቤቱ ሁለት መንገድ አለው፤ ክፍያውን ከፍ ማድረግ ወይም በ16ቱ ልጆች ቦታ 30 ማስቀመጥ። የትኛው እንደሚመረጥ ለመገመት ትምህርት ቤቶቹን በመስኮት ማየት ይበቃል። አየሩ ይታፈናል፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን በጓደኛው ራስ ላይ አሻግሮ ያያል። አንድ መጸዳጃ ቤት ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

አብዛኛው ባለቤት ከመዋዕለ ሕፃናት የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለታናናሾቹ ክፍሎች አንድ መምህርና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ልጆቹ ባደጉ ቁጥር ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ይወጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ባለሙያ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ የተማሪው ቁጥር ግን ይቀንሳል። ብዙ ትምህርት ቤቶች 8ኛ ክፍል ላይ የሚቆሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ የዘለቁትም አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውን ክፍል ጉድለት የሚሞሉት በታችኛው ክፍል ልጆች ክፍያ ነው። ይህን ለወላጆች የሚነግር ባለቤት ጥቂት ነው፤ በዚህ ረገድ የወላጆች ቅሬታ ተገቢ ነው።

ክፍያ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በዓመት ለ10 ወራት ሲሆን ኪራይ የሚከፈለው ለ12ቱም ወራት ነው። የክረምቱን ደመወዝ የማይከፍሉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ይህን ልዩነት በመጨረሻ የሚሸከመው መምህሩ የሚሆንበት ጊዜ አለ። 40 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል በነፍስ ወከፍ በወር 1,500 ብር ቢያስከፍል የዓመቱ ገቢ 600,000 ብር ነው። 5 ልጆች ቢለቁ 75,000 ብር ይጎድላል፤ ከወጪው ግን አንዲት ጠመኔ እንኳ አትቀንስም ማለት ይቻላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በባለቤቶችና በወላጆች መካከል የተነሣው ክርክር ይህን በአደባባይ አሳይቷል። ትምህርት ቆሟል የሚለውም፣ ኪራይና ደመወዝ አልቆመም የሚለውም እውነት ይናገር ነበር።

ባለቤቱ የራሱን ሕንፃ ልሥራ ቢል ምን ይገጥመዋል? በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 የትምህርት አገልግሎትን ከታክሱ ነጻ አደረገ። ይህ ለወላጅ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ነጻ የሆነ አገልግሎት ሰጪ በግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ መልሶ ማካካስ አይችልም። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሕንፃ በ15 በመቶ ስሌት 1.5 ሚሊዮን ብር ታክስ ይጨመርበታል። ታክስ ሰብሳቢ የሆነ ነጋዴ ከሚሰበስበው ላይ ያካክሰዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በሕንፃው ዋጋ ውስጥ ቀብሮት ቆይቶ ለተማሪው ያከፋፍለዋል። መሬቱም በሊዝ የሚያዝ ነው። ብዙ ዘመን ለሚቆም ሕንፃ የሚሰጠው የባንክ ብድር የመመለሻ ዘመኑ አጭር ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎች ገና ላልተወለዱት ልጆች ሕንፃ ይከፍላሉ።

በሌሎች አገሮች ሸክሙን የሚጋራ ወገን አለ። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሻሻለችው ሕገ መንግሥት የግልና የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በገንዘብ ድጋፍ እኩል አድርጋለች። ሕንድ በ2009 ባወጣችው ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች ከመግቢያ ክፍላቸው ሩቡን ለድኻ ልጆች እንዲሰጡ ስታዝዝ፣ መንግሥት ወጪያቸውን እንዲተካ ደንግጋለች። የኢትዮጵያ በጀት ይህን ዛሬ ይችላል ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ከ2 ዓመት ያላነሰ ውል ዋስትና ሰጥቷል። አንድ ቤተሰብ በቪላው ውስጥ ቢኖር ይህ ዋስትና ይጠብቀዋል። በዚያው ቪላ ውስጥ 300 ልጆች ቢማሩበት ግን ኪራዩ የንግድ ስለሚሆን አዋጁ አይደርስላቸውም። አከራዩ ቤቱን በፈለገ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሰፈር ይፈልጋል፤ ልጆቹም የሚቀበላቸው ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። ለትምህርት ቤት የሚከራይ ቤት ውል ቢያንስ ከአንድ የትምህርት እርከን እንዳያጥር፣ ውሉም የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ድንጋጌ ማውጣት ይቻላል። የወለል ስፋቱንና የመጸዳጃውን ብዛት መለካትና በሜትር ይዞ መመስከር ደግሞ የዚህ ማኅበር አባላት ሙያ ነው።