ጨዋታ ለቍጥር ምን ይጠቅመዋል?



ከደጀን አፋፍ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ቍልቍል የሚመለከት ሰው፥ ደጋውንና ቆላውን ባንድ ጊዜ ያያል። ይኸው ልዩነት የሙቀትና የዝናም መጠን ተብሎ በሠንጠረዥ ቢቀርብለት ግን፥ ከሦስተኛው ረድፍ ሳይደርስ ዐይኑ ይደክማል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ድካም እናውቀዋለን፤ በሚገባ ያልተረዳነውንም ሠንጠረዥ «ታይቷል» ብለን ፈርመን ማሳለፋችንን አንክድም።

ዛሬ ኮምፒዩተር ቍጥርን ወደ ሥዕል ይለውጣል፤ ተመልካቹም ሥዕሉን በጣቱ እየነካ ዓመቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፥ አንዱንም አገር ከሌላው ያነጻጽራል። ስዊድናዊው ሐኪም ሐንስ ሮስሊንግ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የአገሮችን ጤናና ሀብት በሚንቀሳቀሱ ክቦች ሲያሳዩ፥ ብዙ ሰው ደረቅ ይመስለው የነበረውን ስታቲስቲክስ እንደ ጉግሥ ጨዋታ ተመለከተው።

ነገሩ ግን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ቻምበርስ እንደ ጻፉት፥ በሰሜን ሸዋ በመሐል ሜዳ አጠገብ ሁለት ገበሬዎች ስለ ዝናም ቢጠየቁ፥ ለወራቱ ድንጋይ ደረደሩ፤ ለዘነበባቸው ቀኖች የፍየል በጠጥ ቈጠሩ፤ ለዝናሙም ብዛት እንጨት አስረዝመውና አሳጥረው ሰበሩ።

የጨዋታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጠጠርን ከሰኔ ወደ ሐምሌ ማዛወር ማንንም አያሳፍርም፤ ስለዚህ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እጁን ሰዶ ያርመዋል። የታተመ ሠንጠረዥ ግን እንዲህ ያለውን እጅ አያስጠጋም። በተሳሳተ የዝናም ቍጥር ዘርና ማዳበሪያ ያለጊዜው ቢላክ፥ ጕዳቱ የሚወድቀው በፈረመው ላይ ሳይሆን በሚያርሰው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉ ሕግ አለው። በገበጣ ጠጠሩ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ይዞራል እንጂ ከተቈጠረው በላይ አይጨምርም። የቍጥርን ሥዕል የሚሠራ ሰውም ተመልካቹን ለማስደሰት ሲል እውነተኛውን መጠን ማዛባት የለበትም። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ያለዚያ ተመልካቹ ይደነቃል እንጂ አይማርም።

እንግዲህ፥ አድማጮቼ፥ ነገ የዝናም ወይም የእህል ሠንጠረዥ ወደ ጠረጴዛችሁ ቢመጣ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ባቄላ ወስዳችሁ በየወሩ ደርድሩት። ጉዳዩ የሚመለከተውንም ገበሬ ጠርታችሁ አሳዩት። እጁን ሰዶ አንዲት ባቄላ ካዛወረ፥ ለምን እንዳዛወራት ጠይቁት፤ ፊርማውም ከዚያ በኋላ ይሁን።