ከእርሻ ወደ ገዥነት



በክርክራችን ጊዜ አንድ ጓደኛችን «ገበሬ ይረስ፤ ማስተዳደሩን ለተማረ ይተው» ሲል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁለት። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ የሆነውን ልንገራችሁ።

የዚያ አገር ገበሬ ስንዴውን ያመርት ነበር፤ ደረጃውንና ዋጋውን የሚቈርጡለት ግን በጎረቤት ስቴት፣ በሚኒያፖሊስ የተቀመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። (አባቴም እህሉን ገበያ አውርዶ በነጋዴ ቍና ሲሰፈርበት አይቻለሁ፤ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።) ተልባ ዘርቶ የከሰረ ታውንሊ የተባለ ሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ከፓርቲ ነጻ የሆነ የገበሬዎች ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ሰዎች በፎርድ መኪና ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ አባል መዘገቡ። በ1916ቱ ምርጫም ሊን ፍሬዚየር የሚባል ገበሬ የስቴቱ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ እርሻው የተመለሰ ነበር፤ ታዲያ ጓደኛችን ከየትኛው ወገን ሊቈጥረው ነው?

በ1919 የስቴቱን ባንክ አቆሙ፤ በ1922 በግራንድ ፎርክስ ከተማ የስቴቱ የዱቄት ወፍጮ ሥራ ጀመረ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም። ፍሬዚየርን የመረጠው ሕዝብ ራሱ በ1921 በድምፁ ከሥልጣን አወረደው፤ በአሜሪካ በዚህ ዓይነት የወረደ የመጀመሪያው ገዥ እርሱ ነው። ባንኩን ግን አልዘጋውም፤ ፍሬዚየርንም በዓመቱ ሴናተር አድርጎ ወደ ዋሽንግተን ላከው።